የማርሚታው ሙግት በመንዝ ዳገት

አንባቢ ሆይ! ማለዳ ጋቢዎን ተከናንበው ሳሉ፣ አንድ የጭነት መኪና ከሩቅ እያገሣ ዳገቱን ሲወጣ ሰምተው «ይህስ ጉልበት አለው!» ብለው ያውቁ ይሆናል። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ስሕተቴን የተረዳሁት እዚሁ ቀየት፣ በአንድ ዳገት ላይ፣ በእጄ ሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በጣርማ በር፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርገው ወደ መሐል ሜዳ የሚመላለሱ፣ ለእኛም እህልና ቆርቆሮ የሚያመጡልን አንድ ሸምገል ያሉ የአይሱዙ ሹፌር አሉ። መኪናቸው ባለ ቱርቦ ነው። ዘንድሮ ዳገት ላይ ይደክምባቸው ጀመር። አንድ መካኒክ፣ «ማርሚታውን ቆርጠው ይጣሉት፤ ከቱርቦው ጀምሬ እስከ ኋላ ድረስ አንድ ወጥ ቱቦ ልሥራልዎ፤ ጭሱ መንገድ ካገኘ መኪናው ይበራል» አላቸው። የጠየቃቸው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ሰምተው ኖሮ «መምህር፣ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «ጋሼ፣ ሳይቆረጥ እንፈትነው» አልኋቸው።

ስለ ቱርቦ አስቀድሜ ጥቂት ላስረዳ። ናፍጣ ያለ አየር አይነድም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው 90 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም። እናቶቻችን በድስት የሚያውቁትን ነገር ሹፌሩ በእግሩ ያውቀዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል።

ቱርቦ ለዚህ መድኃኒት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር እየመታ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ያሽከረክራታል። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው ጓደኛዋ አየሩን እየጠቀጠቀች ወደ ሲሊንደሩ ትሰደዋለች። አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ ኢንጅነር ይህን ሐሳብ ያስመዘገበው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ለደገኞች ይበልጥ የሚጥመን ግን የአሜሪካዊው የሳንፎርድ ሞስ ታሪክ ነው። ሞስ በ1918 ዓ.ም. ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ላይ አሳስሮ፣ በኮሎራዶ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ግድም ነው። በባሕር ጠረፍ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ሞስ ድምፁን አዳምጦ አልፈረደም፤ ለካ።

ታዲያ መካኒኩ ዋሽቷልን? አልዋሸም። መዘውሯ የምትዞረው ከፊቷና ከኋላዋ ባለው የግፊት ልዩነት ነው። ከኋላዋ ያለው ቱቦ ሲጠብ ወይም ማርሚታው በጥላሸት ሲደፈን ልዩነቱ ያንሳል፤ እርሷም ትለግማለች። ስለዚህ ለጭሱ መንገድ መክፈት ባለ ቱርቦ መኪናን ይረዳል። ነገር ግን የናፍጣው መጠን የሚወሰነው በፓምፑ ነው፤ ማርሚታው ስለ ተነሣ ናፍጣው አይጨምርም። ደግሞም በስስ አየር ውስጥ ቱርቦዋ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ከቆላው ይልቅ ፈጥና መዞር አለባት። ያለ ልክ ከተለቀቀች ኩሽኔታዋ ይበላል።

ገበያ በሌለበት ቀን ወጣን። ከመንገድ ዳር ካለ ድንጋይ እስከ አንድ የጽድ ዛፍ ድረስ ለካን። ጭነቱ አንድ ዓይነት፣ ማርሹ ሁለተኛ፣ የነዳጁ ፔዳል እስከ ወለሉ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ያለውን ጉዞ አልቆጠርንም። ሦስት ጊዜ ከነማርሚታው ወጣን። ከዚያ ረዳቱ ቡሎኖቹን ፈትቶ ማርሚታውን አወረደው (ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ፤ የዝገቱን ነገር አያንሡብኝ)። ሦስት ጊዜ ደግሞ ያለ ማርሚታ ወጣን።

ድምፁስ! አንዲት አህያ ጭነቷን ጥላ ሸሸች፤ ተማሪዎቼ ከአጥር ላይ ሆነው አጨበጨቡ። ሹፌሩ ፊታቸው በርቶ «አየህ መምህር!» አሉኝ። ሰዓቱን አሳየኋቸው። ከነማርሚታው ባደረግናቸው በሦስቱ ጉዞዎች መካከል የታየው ልዩነት፣ ማርሚታውን በማንሣት ከተገኘው ልዩነት ይበልጥ ነበር። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥተን ቢሆን ኖሮ፣ ሁለታችንም የወደድነውን አምነን ወደ ቤታችን በሄድን።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ጭሱ የሚወጣበትን ስንመረምር አየሩ የሚገባበትን አላየንም። የአየሩን ፊልትሮ አውጥተን መሬት ላይ ብንመታው ከውስጡ የወጣው አቧራ አንድ ቁና አይሞላም አልልም። ሹፌሩ አዲስ ፊልትሮ ከደብረ ብርሃን አመጡና፣ ማርሚታውም ተመልሶ በቦታው ሳለ፣ በዚያው ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣን። በዚህስ ሰዓቱን የሚከራከረው አልተገኘም፤ ጥቁሩም ጭስ ሳሳ። እርስዎም መኪና ካለዎ፣ ቱቦ ከማስቆረጥዎ በፊት ከዚህ ይጀምሩ፤ ዋጋው የቱቦውን ሩቡን እንኳ አይሆንም።

የቀረው የቁልቁለቱ ጉዳይ ነው፤ እኔን ያስፈራኝም እርሱ ነው። መካኒኩ ሊጥለው ባሰበው ቱቦ ላይ፣ ከቱርቦው በኋላ ከማርሚታው በፊት፣ አንዲት ክዳን አለች። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ሲዘጓት ጭሱ ይታፈንና ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል፤ የእግሩ ፍሬን ሳይግል ይወርዳሉ። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ቁልቁለቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። በዚያ መንገድ በሙሉ ጭነት በእግር ፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ሽታው ሳይደርስ ፍሬኑ ይደርስበታል። ማርሚታው ብቻ ሲወርድ ክዳኗ አትነካም። «አንድ ወጥ ቱቦ» ከተባለ ግን አብራ ትጣላለች።

ይህን ስነግራቸው ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ገብተው ክዳኗን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ሲወጡ «እርሷንማ አልሰጥም» አሉ።

ከቡሎኖቹ አንዱ ሣር ውስጥ ጠፍቶ ስለ ቀረ ማርሚታውን በሽቦ ነው ያሰሩት። እስከ ዛሬም በሽቦ እንደ ታሰረ ነው፤ ማለዳ በትምህርት ቤታችን አጠገብ ሲያልፉ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።