የክረምት መውጫ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የአበባውን ወቅት የሚያመጣው የደመናው መገፈፍ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶው ቀልጦ አፈሩ ሲሞቅ ቡቃያ ይወጣል። እዚህ ግን አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ለዘር የሚበቃ ሙቀት አያጣም፤ የሚያጣው ውሃ ነው። ሣሩም አዝመራውም ሰኔ ላይ ይበቅላል፣ ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብ ሥር ያድጋል፣ ፀሐይ ስትመለስ ያብባል። መስከረም ላይ በድንገት የመጣ የሚመስለው ውበት ሁሉ ሦስት ወር ሙሉ በጭቃና በጭጋግ ውስጥ ሲዘጋጅ የከረመ ነው።

የወቅቶቹ አከፋፈል እንደ ቆጣሪው ይለያያል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ሲሆን፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን መስከረምን፣ ጥቅምትንና ኅዳርን ፀደይ ማለት ተለምዷል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በዝናቡ ጠባይ ክረምት፣ በጋና በልግ ብለው ለሦስት ይከፍሉታል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ (የአበባ ዘመን) ተብለው ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምባቸው ናቸው፤ ከሁሉም አከፋፈሎች ለአበባው ለራሱ የቀረበው ይኸኛው ነው።

የለውጡ መነሻ ከሰማይ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሶች የሚገናኙበት ዝናባማ ቀጠና በሐምሌና በነሐሴ ከኢትዮጵያ ሰሜናዊ ክፍል በላይ ይቆያል፤ መስከረም ላይ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በዚህ የተነሳ ዝናቡ በመጀመሪያ የሚለቀው ትግራይንና የሰሜን ወሎን አካባቢ ነው። ጎጃም፣ ጎንደርና ሸዋ ይከተላሉ፤ ኢሉባቦርና ከፋ ግን ጥቅምትንም እርጥብ ሆነው ሊያሳልፉ ይችላሉ። ከዝናቡ መጠን በፊት ጠባዩ ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የሚውለው ዝናብ ይቀርና ረፋዱ ብራ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ተጠራቅሞ፣ አልፎ አልፎም በረዶ ቀላቅሎ፣ ለጥቂት ጊዜ ይወርዳል። ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ የነበረው እርጥብ ነፋስ ለምሥራቁ ደረቅ ነፋስ ቦታውን ይለቃል። ሌሊት ደመና ስለማይኖር ምድር በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ቶሎ ታጣለች። ስለዚህ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ሌሊቱ እየበረደ ይሄዳል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ጤዛ ያዝላል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርሱ በደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል። የአበባው ወቅት ወደ ሙቀት ብቻ የሚያመራ አለመሆኑ የዚህ አገር መለያ ነው።

የወንዞች ለውጥ ከዝናቡ ጥቂት ዘግይቶ ይታያል። ነሐሴ ላይ አፈር ተሸክሞ የሚደፈርሰው ጅረት በመስከረም መጨረሻ መጥራት ይጀምራል፤ ከብትም ሰውም ያለ ስጋት ይሻገረዋል። ጣና ሐይቅ ግን ከዙሪያው የሚገባውን ውሃ ስለሚያጠራቅም ወደ ከፍተኛ ደረጃው የሚደርሰው ዝናቡ እየቀነሰ ባለበት በመስከረምና በጥቅምት ነው።

ከዕፅዋት ሁሉ የሚቀድመው አደይ አበባ ነው። አደይ የሚባለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ ተቀራራቢ ቢጫ አበቦች የጋራ መጠሪያ ነው። ወገኑ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ሲሆን፣ ዳር ዳሩን የከበቡት ቢጫ ቅጠሎች ነፍሳትን ይጠራሉ፣ ዘሩን የሚያፈሩት መካከል ላይ የታጨቁት ናቸው። በሰፊው የታወቀው አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው፦ በክረምቱ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን አርግፎ ይደርቃል፤ ዘሩም በጋውን አፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። በአንዳንድ ቦታ ጳጉሜን ላይ ብቅ ቢልም ሜዳውን የሚያለብሰው በመስቀል አካባቢ ነው። ያልታረሰ ዳገት፣ የማሳ ድንበርና የመንገድ ዳር ይወዳል፤ ከተሞች ሲሰፉ በቅድሚያ የሚጠፉትም እነዚሁ ቦታዎች መሆናቸው ያሳዝናል።

አደይ ብቻውን አይደለም። ሣር ሜዳው ላይ ወይን ጠጅና ነጭ አበባ ያለው ማጌት ይነጠፋል፤ ለከብት ምርጥ መኖ ነው። ጥቅምት ላይ የኑግ ማሳዎች ቢጫ ይለብሳሉ። ንቦች ከአደይና ከኑግ የሚቀስሙት ተጠራቅሞ ከጥቅምት ጀምሮ ዋናው የማር ቆረጣ ይመጣል። ሁሉም ተክል ግን ይህን ሰዓት አይከተልም። ኮሶና ግራዋ ለበጋው ይቆያሉ፤ የደቡብ ምዕራቡ ቡና በበጋው ማብቂያ የመጀመሪያውን ዝናብ ካገኘ በኋላ ነጭ አበባውን ያፈካል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የሚቆመው ጅብራ ደግሞ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል።

የአእዋፍ ምልክት ሁለት ዓይነት ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ ወፎች ይገባሉ፤ ንሥሮች፣ ንብ በሎችና ጅራታቸውን የሚያወዛውዙ ትንንሽ ቢጫ ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በሣር ሜዳዎች ይታያሉ። ሁለተኛው ዓይነት ከእነዚህ ይልቅ ይደንቃል። ሰው የመስቀል ወፍ ከሚላቸው መካከል ያሉት ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ የሚለብሱ ወንዶች ከየትም አይመጡም። በበጋ እንደ ሴቶቻቸው ቡናማ ስለሆኑ ማንም ልብ አይላቸውም። በክረምት የመራቢያ ጊዜያቸው ሲደርስ ላባቸውን ይቀይራሉ፣ ጭጋጉ ሲገፈፍ ዓይን ይገባሉ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሰው ይደበዝዛሉ።

ለገበሬው መስከረም ከውበቱ ይልቅ ጭንቀቱ ይበዛል። ጎተራ በሚሟጠጥበት በዚህ ጊዜ የበቆሎና የባቄላ እሸት ብዙ ቤት ይታደጋል። ዝናቡ ቀድሞ ከቆመ ጤፉ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል፤ ከዘገየ ደግሞ የደረሰው ገብስ ይበላሻል፣ ጤፉ ይተኛል። በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት የዝናቡ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ የሚያድጉትም አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። የረጋው ውሃ በቆላውና በወይና ደጋው ዝቅተኛ ክፍል የወባ ትንኝ ያራባል፤ የወባ ዋና ወቅትም ከመስከረም ጀምሮ ይመጣል።

በዓላቱም በዚህ መሸጋገሪያ ላይ የተደረደሩ ናቸው። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ይነቅላሉ፤ ደመራ መስከረም 16 ይደመራል፤ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ሲከበር ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል።

ይህ ሁሉ የደጋውና የወይና ደጋው ታሪክ ነው። በቦረናና በሶማሌ ቆላ ዋናው ዝናብ በመጋቢትና በግንቦት መካከል ይወርዳል፤ ሰሜኑ ከዝናብ ሲወጣ እነርሱ ሁለተኛውን አጭር ዝናብ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ምልክቶቹን መመዝገብ የሚሻ ሰው ቀኑን ብቻ ሳይሆን የቦታውን ስምና ከፍታ አብሮ መጻፍ አለበት። የመጀመሪያው አደይ የፈካበት፣ የመጨረሻው ዝናብ የጣለበት፣ የሰፈሩ ጅረት የጠራበት ቀን ከአንድ ቦታ በየዓመቱ ሲመዘገብ የወቅቱን መቅደምና መዘግየት ያሳያል። ለዚህ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ የትምህርት ዓመቱም መስከረም ላይ ስለሚጀምር ትምህርት ቤቶች ሥራውን ዘንድሮውኑ ቢጀምሩት መልካም ነው።