ለትንሽ እጅ የሚሆነው ሽጉጥ የትኛው ነው?

ሰሊጥ ሲደርስ ከመተማና ከቋራ ይህ ጥያቄ ይበዛብኛል። አሜሪካ ውስጥ የሚጠየቀው ራስን ከድብ ለመከላከል ነው። እኛ ዘንድ ድብ የለም፤ ያለው ጅብ ነው። በአልጣሽ ፓርክ በኩል ደግሞ አንበሳ አለ፤ መኖሩም በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ተረጋግጧል።

መጀመሪያ ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው።

ፈቃድ ያለው ሰው ጥይት የሌለበትን ሽጉጥ አፈሙዙ ከክንዱ ጋር ቀጥ እንዲል አድርጎ ይጨብጠው። የሌባ ጣቱ ጫፍ፣ ሽጉጡን በመዳፉ ውስጥ ሳያዞር ቃታው ላይ በደንብ ካረፈ ልኩ ነው። ጥይት በሁለት ረድፍ የሚይዝ ሽጉጥ እጀታው ስለሚወፍር ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ማካሮቭ ቀጭን ነው፤ ነገር ግን መዶሻው ሳይነሣ የሚሳበው የመጀመሪያው ቃታ ሩቅና ከባድ ነው። ደግሞ “እጄ ትንሽ ስለሆነ ትንሿን ልግዛ” አትበሉ። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ እጅን የበለጠ ይመታል።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ለአውሬ ሽጉጥ አልመክርም። በጨለማ የሚሮጥ ጅብን መምታት ለሠለጠነ ሰው እንኳ ይከብዳል። የቆሰለ አንበሳ ደግሞ ካልቆሰለው ይብሳል። ጥቅጥቅ ያለ የእሾህ አጥር፣ ኃይለኛ ባትሪና ሰብሰብ ብሎ መተኛት ይበልጣሉ። ሜዳ ላይ ብቻውን ተኝቶ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነው የሚያሳስበኝ።

ጅብ ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ።