ለኳስ ይለቀሳል?

እ.ኤ.አ. በማርች 2019 የልጄን ቤተሰብ ልጠይቅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሄጄ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። አንድ እሑድ ማታ የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ ወረቀት ይዞ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ይጽፋል፣ መልሶ ያጠፋል። የቤት ሥራ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ግን የዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው። አሜሪካውያን «የማርች እብደት» ይሉታል። ከመላ አገሪቱ የተመረጡ 68 ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ይጋጠማሉ። የመልስ ጨዋታ የለም፤ አንዴ የተሸነፈ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ነው። ዋንጫው እስኪነሳ 67 ጨዋታ ይደረጋል፤ የ67 ቡድን ደጋፊም አዝኖ ይገባል። ድልድሉ ይፋ ሲሆን ትልቁም ትንሹም ወረቀት ይዞ ማን ማንን እንደሚጥል እስከ ፍጻሜው ድረስ ይገምታል።

የልጅ ልጄ የሚደግፈው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ነው፤ ታላቅ እህቱ እዚያ ትማራለች። ወረቀቱን አየሁት። ሁሉም ተሞልቷል፤ የዋንጫው ባለቤት የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«የእህትህን ቡድን ለምን አትጽፍም?» አልኩት።

«አባባ፣ ከጻፍኩት ይሸነፋሉ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ ከ68ቱ ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ ነው ውድድሩን የጀመረው። በየምድቡ 1ኛ የተባለው ቡድን መጀመሪያ የሚገጥመው 16ኛውን ነው። በወንዶቹ ውድድር እንዲህ ያለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ 135 ጊዜ ተደርጎ 135 ጊዜም ያሸነፈው 1ኛው ነበር። በ136ኛው ግን ቨርጂኒያ ባልቲሞር ካውንቲ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ 74 ለ54 ተረታ።

ያን ሌሊት ልጁ ክፍሉን ዘግቶ አለቀሰ። ሜሪላንድ ያሉት የአክስቱ ልጆች በስልክ ሳቁበት። አባቱ ደግሞ «ለኳስ ይለቀሳል እንዴ? ወንድ አይደለህ?» ብሎ ተቆጣው። ከዚያ ወዲህ አባቱ ፊት ስለ ቡድኑ አንስቶ አያውቅም። ይህን የነገረችኝ ምራቴ ናት።

ልጄን ለብቻው ጠራሁት።

«ስምንት ዓመትህ ሳለ ስታዲየም ይዤህ ገብቼ፣ ክለባችን ሲሸነፍ እስከ ሜክሲኮ ድረስ አላለቀስክም?»

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «አልቅሻለሁ።»

«ያኔ ምን አልኩህ?»

«ምንም አላሉኝም። ፓስቲ ገዙልኝ።»

ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

አርብ ከሰዓት ልጄ ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ። ቨርጂኒያ ዘንድሮም 1ኛ ነው፤ ተጋጣሚው ጋርድነር ዌብም 16ኛ። ጨዋታው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ እያለ ቨርጂኒያ በ14 ነጥብ ተመራ። የልጅ ልጄ ፊቱን በትራስ ሸፈነ። አባቱ «አይዞህ፣ ጨዋታ ነው» አላለውም። ጠጋ ብሎ ተቀመጠና እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «እኔም ፈርቻለሁ» አለው። ትራሱ ቀስ ብሎ ወረደ።

ቨርጂኒያ 71 ለ56 አሸነፈ። ማታውን ወረቀቱን ሳየው ባዶው ቦታ በእርሳስ፣ በስሱ ተሞልቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው በታሪክ የተመዘገበ ነው። ቨርጂኒያ ግማሽ ፍጻሜውን በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 63 ለ62 አለፈ። ኤፕሪል 8 ምሽት ሚኒያፖሊስ ላይ ቴክሳስ ቴክን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ77 ረትቶ፣ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲጮኹ ጎረቤት ይቆጣል ብዬ እኔ ሰጋሁ።

ዋንጫው መጥቷል፤ ደስ ይላል። ባይመጣም ግን የልጅ ልጄ በዚያ ሌሊት ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን አያለቅስም ነበር።