ሲያወጡት የሚጸና ትምህርት

ፈተና ሲቃረብ አብዛኛው ተማሪ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ከዚያም ይደግመዋል። በሦስተኛው ንባብ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጨረሻው ይታወቀዋል። «በቃ ይዤዋለሁ» ብሎ ደብተሩን ይከድናል። በብዙ ተማሪ ላይ የሚፈርደው ይህ ስሜት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሌላውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው፣ ጽሑፉ ከፊታቸው ተነሥቶ፣ ትዝ ያላቸውን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። የጻፉትን ማንም አላረመላቸውም። ከ5 ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት ሁለቴ ካነበቡት 81 በመቶውን፣ አንብበው ከጻፉት 75 በመቶውን አስታወሱ። ማንበብ በለጠ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑት ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ሁለቴ የተነበበው 42 በመቶ፣ ከቃል የተጻፈው 56 በመቶ።

ምክንያቱን በሰፈር መንገድ ላስረዳ። አንድ ወዳጅ እየመራን ወደ አንድ ሰው ቤት ሦስት ጊዜ ብንሄድ፣ በአራተኛው ቀን ብቻችንን ስንወጣ መታጠፊያው ይጠፋናል። መንገዱን አይተነዋል እንጂ ፈልገን አላገኘነውም። ደጋግሞ ማንበብም እንዲሁ ነው፤ ዓይን ጽሑፉን ይለምደዋል፣ አእምሮ ግን ከባዶ ተነሥቶ መፈለግን አልተለማመደም። በፈተና ወንበር ላይ፣ ከዚያም በሥራ ላይ የሚጠየቀው ደግሞ ይኸው ፍለጋ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ይህ አዲስ አይሆንበትም። የቃል ትምህርት የሚሰጠው ከመሸ በኋላ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ነው። ተማሪው የያዘውን በመምህሩ ፊት በቃሉ ይወጣዋል፤ የሳተው እዚያው ይታረምለታል። ብዙዎች ይህን ሁሉ «ሽምደዳ» ብለው ይንቁታል። ትርጉሙ ያልገባን ነገር መሸምደድ እኔም አልደግፍም፤ ነገር ግን ቃሉን ከልብ የማውጣቱን ልምድ አብረን መጣላችን ያሳዝነኛል።

የጊዜው ነገርም አለ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እያጠና መርሳትን ለክቷል። ከአንድ ቀን በኋላ ዝርዝሩን መልሶ ሲያጠና፣ ከመጀመሪያው ድካሙ የተረፈለት አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነበር። ከወር በኋላም ቢሆን አንድ አምስተኛው ያህል ቀርቶለታል። መርሳት መጀመሪያ ይሮጣል፣ ኋላ ያዘግማል። በመካከሉ እየተመለሱ ማደስ ይህን ሩጫ ስለሚገታ፣ በአንድ ሌሊት ከሚደረግ የአራት ሰዓት ጥናት፣ በአራት ቀን የተከፈለ የአንድ አንድ ሰዓት ጥናት ይሻላል።

ወደ ስክሪን እንምጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሩበትን የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎች ያስታውሱታል። ሥርጭቱ ከሳተላይት ይወርዳል፣ አይቆምም፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። የዛሬው ቪዲዮ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል፤ ግን ቪዲዮው ራሱ ካልጠየቀው ተማሪው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪው ካርል ሽፑናርና ባልደረቦቹ 21 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የስታቲስቲክስ ቪዲዮ በአራት ከፍለው፣ ከየክፍሉ በኋላ ተማሪዎቹን አጭር ጥያቄ ጠየቁ። ካልተጠየቁት ጋር ሲነጻጸሩ ሐሳባቸው የሚሸሽበት ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ማስታወሻም አብዝተው ያዙ።

በኢንተርኔት ለሚያስተምር መምህር የምለው እንግዲህ ይህ ነው። በየአምስት ስድስት ደቂቃው ቪዲዮውን አቁመው ይጠይቁ፤ ምርጫ ከመስጠት ይልቅ መልሱን ያጽፉ። በስላይድ ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ ቃል በቃል አያንብቡ፤ ዓይንና ጆሮ በአንድ ቃል ላይ ሲሻሙ ማስተዋል ይደክማል። ሰኞ ያስተማሩትን ሐሙስ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በአንድ ጥያቄ ይመለሱበት። ለዚህ ጥያቄ ማርክ አይስጡ። ማርክ ካለበት ተማሪው መልሱን ከጓደኛው ይቀዳል፤ ፍለጋው ይቀራል፣ መምህሩም ተማሪው የት ላይ እንዳልገባው ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።