በጊልገል ጊቤ ሐይቅ ዳርቻ ድንኳን ከመትከልና ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት

ከጅማ ተነሥቶ በሰርቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ በአሰንዳቦና በሰኮሩ መካከል ባለው አካባቢ ሰፊ ውኃ ይመለከታል። ይህ ውኃ የጊልገል ጊቤ ግድብ ያቆረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ለጅማ ከተማም ቅርብ የሆነ ሌላ ውኃ አለ፤ በጉማሬዎቹና በአእዋፉ የታወቀው የቦዬ ኩሬና ረግረጋማ ስፍራ። እንዲህ ያሉ ዳርቻዎች የከተማን ሰው ለሽርሽር ይጋብዛሉ፤ ለአካባቢው አርሶ አደር ደግሞ የከብት ውኃ፣ ግጦሽና ማሳ ናቸው። ዳርቻው እንግዳውንም ባለ አገሩንም የሚጠቅመው ግን የውኃው ጠባይ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

ሐይቅ የሚመስል ማጠራቀሚያ

የጊልገል ጊቤ ቁጥር 1 ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። ከዚህ የሚወጣው ውኃ ሥራው በዚያ አያበቃም፤ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ አልፎ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 420 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የጊልገል ጊቤ ቁጥር 2 ማመንጫ ያንቀሳቅሳል።

ይህ ለሽርሽረኛ ምን ይነግረዋል? የተፈጥሮ ሐይቅ ዳርቻ ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆያል። የግድብ ሐይቅ ዳርቻ ግን በየወቅቱ ይንቀሳቀሳል። በክረምት ከየተፋሰሱ የሚገባው ውኃ ከሚወጣው ስለሚበልጥ ሐይቁ ይሞላል፤ በመስከረም አካባቢም ይሰፋል። በበጋ የሚገባው ውኃ ሲያንስና ማመንጫው መጠቀሙን ሲቀጥል ሐይቁ ቀስ በቀስ ይሸሻል። መሬቱ ሜዳማ በሆነበት በኩል ከፍታው በጥቂቱ ሲቀንስ እንኳ ሰፊ መሬት ይገለጣል።

ስለዚህ በበጋ ደረቅ መስሎ የሚታየው የዳርቻ አፈር ላዩ የጠነከረ፣ ውስጡ ገና ጭቃ ሊሆን ይችላል። መኪና ይዋጥበታል፤ ከብትም ሰውም ይሰምጥበታል። በክረምት ደግሞ ማታ በውኃው አፍ ላይ የተተከለ ድንኳን ሌሊት በጣለ ዝናብ ሊጥለቀለቅ ይችላል። ለድንኳን የሚመረጠው ውኃው ሲሞላ ከደረሰበት ምልክት በላይ ያለ፣ ጎርፍ የማይወርድበት ከፍ ያለ ሣር ነው። ብቻውን ከቆመ ትልቅ ዛፍ ሥር ማደር ግን በመብረቅ ምክንያት አይመከርም።

ጉማሬ የሚሄድበት መንገድ

ጉማሬ ቀን በውኃ ውስጥ ውሎ፣ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያመሻል፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። ሣር በል ቢሆንም ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ቁጡ እንስሳ ነው፤ በየብስም ከሰው ይፈጥናል። እጅግ አደገኛ የሚሆነው በእርሱና በውኃው መካከል ሰው ሲቆም ወይም ግልገል ሲኖረው ነው።

ወደ ውኃው የሚወርድ፣ ሣሩ የተረገጠና እንደ ቦይ የጎደጎደ መንገድ የጉማሬ መመላለሻ ሊሆን ስለሚችል በአጠገቡ ድንኳን አይተከልም። ማታና ንጋት ላይ ውኃ ለመቅዳት ብቻውን የሚወርድ ሰው አደጋ ላይ ነው። ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰብሉን ሲጠብቅ የሚያድረው አርሶ አደር በመሆኑ፣ እንግዳው የማደሪያውን ቦታ ከመምረጡ በፊት የአካባቢውን ሰው ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ጀልባ ላይ

ጠዋት ጸጥ ያለ ውኃ ከቀትር በኋላ በነፋስ ሊናወጥ ይችላል። በመሆኑም የጀልባ ጉዞ በጠዋት ቢደረግና ደመና ሲጠቁር ወዲያው ወደ ዳር ቢመለሱ ይሻላል። ጀልባ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ጠርዙ ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ትንሽ ማዕበልም ይሞላዋል። በጉዞ መሐል ተነሥቶ መቆም፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሁሉም በአንድ ወገን መሰብሰብና ጠጥቶ መሳፈር የመገልበጥ ምክንያቶች ናቸው።

ዋናው ጥንቃቄ የሕይወት አድን ጃኬት ነው፤ እርሱም በጀልባው ወለል ላይ ተቀምጦ ሳይሆን ተለብሶና ታስሮ ሲገኝ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ጀልባ ቢገለበጥ፣ ጉማሬ በቅርብ ከሌለ በቀር፣ ወደ ሩቅ ዳር ለመዋኘት ከመሞከር ጀልባውን ይዞ መንሳፈፍና ርዳታ መጥራት ይመረጣል። የሰመጠን ሰው ለማዳን ዋና የማያውቅ ሰው ዘሎ መግባት የለበትም፤ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ባዶ ጀሪካን ቢወረውር ሁለት ሕይወት ሊያድን ይችላል።

የማይታዩት አደጋዎች

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከጊልገል ጊቤ ሐይቅ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ዝናብ ካባራ በኋላ ባሉት ወራት፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል። በዳርቻው የሚያድር ሰው አጎበር መያዝና ከምሽት ጀምሮ እጅጌው ረጅም ልብስ መልበስ ይኖርበታል። ከተመለሰ ከሳምንት በኋላ ወይም ዘግይቶም ቢሆን ትኩሳት ከተሰማው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን ይመርመር፤ በሐይቅ ዳር ማደሩንም ይንገር።

ቢልሃርዝያ ደግሞ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥገኛ ተሕዋስ በቆዳ በኩል ሲገባ ይይዛል። ሣርና ቄጠማ በበዛበት በተኛ ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መመላለስ ለዚህ ያጋልጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የቡና ለቀማ ወራትም ከእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ኦክስጅንን አሟጥጦ ውኃውን ያበላሻል፤ ጠቆር ያለና የሚሸት ወንዝ ለመታጠብም ለከብትም አይሆንም።

ሌላው ገዳይ ከቤት የሚመጣ ነው። በሌሊት ብርድ ምክንያት የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት በማይታይና በማይሸት ጋዝ የተኙትን ይገድላል። ቡና የሚፈላውም ምድጃው የሚቀመጠውም ከድንኳን ውጭ ነው፤ ፍሙም ከመኝታ በፊት በውኃ ይጠፋል።

እንግዳና ባለ አገር

በሐይቁ ዙሪያ ያሉት የኦሞ ናዳ፣ የቀርሳ፣ የጢሮ አፈታና የሰኮሩ ወረዳዎች አርሶ አደሮች የሚኖሩባቸው ናቸው። ባዶ የሚመስለው ሜዳ የአንዱ ግጦሽ ወይም ማሳ ነው። ስለዚህ ድንኳን ከመተከሉ በፊት የቀበሌውን አስተዳደርና የመሬቱን ባለ ይዞታ ማስፈቀድ ተገቢ ነው። ለጥበቃ፣ ለመንገድ መሪነት፣ ለምግብና ለቡና የሚከፈለው ገንዘብ በዚያው ሰፈር ሲቀር፣ አርሶ አደሩ ዳርቻውን የሚንከባከብበት ምክንያት ያገኛል። በአንጻሩ ተጥሎ የሚቀር ላስቲክ በላም ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊገድላት ይችላል፤ የአንድ ቀን ሽርሽር ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ጥሪት ማጣት ይሆናል።

የቦዬ ረግረግም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ረግረግ ከከተማ የሚወርደውን ውኃ አዘግይቶ ያጣራል፤ ጎርፍን ይገታል፤ አእዋፍን ያስጠልላል። በቆሻሻ መጣያነት፣ በጡብ አፈር ቁፋሮና በባሕር ዛፍ ተከላ ሲጠብ ይህ አገልግሎቱ ይቀንሳል። በጅማ ዙሪያ ያሉ ረግረጎች በእነዚህ ምክንያቶች እየተጎዱ መሆናቸውን ጥናቶች አመልክተዋል።

ዳርቻውን ለመዝናኛ ማሰናዳት ብዙ ወጪ ከሚጠይቅ ግንባታ መጀመር የለበትም። የውኃውን ከፍተኛ ወሰን የሚያሳይ ምልክት፣ የጉማሬ መተላለፊያን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ለየጀልባው በቂ ጃኬት፣ መጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ ማስወገጃ ከተሟሉ መሠረቱ ተጣለ ማለት ነው። የቀረው የእንግዳው ድርሻ ነው፦ ጠይቆ መግባት፣ ተጠንቅቆ መዋል፣ ያመጣውንም ሰብስቦ መመለስ።