እውነት ወይስ ተረት? ጅግራና ዶሮ በአንድ ቆጥ

ራሷ ላይ ቀንድ መሳይ ያላት፣ ላባዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተነሰነሰባት ጅግራ በአገራችን በይበልጥ የምትታወቀው በዱር ነው። ስለ እርባታዋ የሚወራው ገሚሱ ከአዳኝ ወሬ፣ ገሚሱ ከዶሮ ልማድ የመጣ ነው። ወረታና ፎገራ ሜዳ ላይ ጅግራን ከዶሮዎቹ ጋር ሊያረባ ያሰበ ሰው ቆጥ ከመሥራቱ በፊት ይህን ወሬ ቢያበጥረው ይጠቅመዋል።

«ጅግራ የዱር ናት፤ አትለምድም።» ተረት ነው። የጋናና የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ከዶሮው ጋር ያረባታል። ነገሩን የሚወስነው አጀማመሩ ነው፦ በወጥመድ የተያዘች ትልቅ ጅግራ በሩ የተከፈተላት ቀን ትሄዳለች፤ ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለቻትና ያሳደገቻት ግን ሲመሽ ወደ ግቢ መመለስ ትለምዳለች። ከጫካ መያዙንማ ተዉት፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ፈቃድ ይጠይቃል።

«ዶሮ ያደረችበት ቤት ለጅግራም ይበቃል።» ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ችግሩ ያለው በከፊሉ ላይ ነው። የገጠር ዶሮ ከሰው ቤት ጥግ በታሰረ ዝቅተኛ ቆጥ ላይ ታድራለች። ጅግራ በተፈጥሮዋ ዛፍ ላይ የምታድር በመሆኗ ከፍታ ትፈልጋለች። ጠባብና ጨለማ በር ካየች አትገባም፤ ቤት ሠርተው ሲጠብቋት ከግራር ጫፍ ላይ ትገኛለች፤ ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ የሚሉት ይህን ነው። በሩን ማስፋት፣ ቆጡን ከዶሮዎቹ ከፍ ማድረግ፣ አዲስ የመጡትንም ለጥቂት ሳምንታት ዘግቶ ማላመድና ማታ ማታ እህል ቤት ውስጥ መበተን ይረዳል። ወንዱ ጅግራ አውራ ዶሮን እያሳደደ ከመኖው ስለሚያባርር መመገቢያው ሁለት ቦታ ቢሆን ይመረጣል።

ፎገራ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይይዛል፤ ጅግራም እንቁላል የምትጥለው በዝናቡ ወራት ነው። የጅግራ ጫጩት እርጥበትና ብርድ አትችልም፤ በረጠበ ሣር ውስጥ እናቷን ስትከተል ውላ ማታ ትሞታለች። ስለዚህ የጫጩቶቹ ማደሪያ ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን፤ የመጠጫው ውኃም እንዳያሰጥማቸው ጠጠር ይጨመርበት። ከሩዝ መፈተጊያ የሚወጣው ቅርፊት ጥሩ ጉዝጓዝ ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። የሻገተ የሩዝ ጭድ ግን ጎጆ ውስጥ ከገባ ሻጋታው የጫጩቶችን ሳንባ ይጎዳል።

«እንቁላሏን ከዶሮዋ ጋር አብሬ አስታቅፋለሁ።» ብዙ እንቁላል የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ሲሆን፣ የጅግራ ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጅበታል። ሁለቱ በአንድ ቀን ከታቀፉ ዶሮዋ የራሷ ጫጩቶች በወጡ ጊዜ ጎጆዋን ትታ ትነሳለች፤ የጅግራው እንቁላል ሊፈለፈል ትንሽ ቀን ሲቀረው በርዶ ይቀራል። ከዚያም «የጅግራ እንቁላል ባዶ ነው» ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የጅግራውን ለብቻው ማስታቀፍ፣ ካልሆነም የዶሮውን ከሳምንት በኋላ መጨመር። የጅግራ እንቁላል ቅርፊት ወፍራም ስለሆነ በብርሃን ፊት ይዞ ውስጡን ማየት ከዶሮው ይከብዳል፤ ቀኑን መጻፍ ይሻላል።

«ሳጥን ካዘጋጁላት እዚያው ትጥላለች።» አትመኑ። ጅግራ መሬት ላይ፣ ረጅም ሣር ወይም ቁጥቋጦ ሥር ትደብቃለች፤ ብዙ ሴቶች በአንድ ጎጆ ሊጥሉ ይችላሉ። ሳጥን ከሰጧት መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቱ ተጋርዶ፣ ጭድ ተነጥፎበት ቢሆን የተሻለ ዕድል አለው። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ዘግቶ ማዋልም እንቁላሉን ቤት ውስጥ እንድትጥል ያደርጋል። ደጅ የጣለችውን ሲሰበስቡ ሁሉንም አይውሰዱ፤ ጎጆው ባዶ ከሆነባት ሌላ ቦታ ትሸሽጋለች።

«ጅግራን ፈንግል አይነካትም።» ጠንካራ ናት፤ አይነካትም ማለት ግን ስህተት ነው። የዚህ የዶሮ በሽታ ቫይረስ ይይዛታል፤ ምልክት ሳታሳይም ለዶሮዎቹ ልታስተላልፍ ትችላለች። ዶሮዎቹን ብቻ ከትቦ ጅግራዋን መተው በሩን ገርበብ አድርጎ እንደመተኛት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የፈንግል ክትባት ስለሚያመርት፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁና ዶሮውንም ጅግራውንም በአንድ ቀን አስከትቡ።