ከልስን በታች ያለ ጥፋት

በአዳማ ከተማ ቤት የሚያሠራ ሰው ከተቋራጩ ጋር የሚጣላው አብዛኛውን ጊዜ ዓይን በሚያየው ነገር ነው፤ የቀለሙ መዥጎርጎር፣ የሴራሚኩ መዛባት፣ የበሩ አልገጥም ማለት ብዙ ቃል ያስወጣል፣ ሽማግሌም ያስቀምጣል። ነገር ግን ቤቱን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ሥራ ጣሪያው ሳይወጣ በአፈርና በአርማታ ውስጥ ተቀብሮ ያለቀ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ሊቈጣ በሚገባው ሰዓት ዝም ብሎ፣ ዝም ሊል በሚችልበት ሰዓት ይጮኻል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህ በየአገሩ ያለ ነገር ቢሆንም በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይከፋል። ሊቃውንተ ምድር ከአዳማ በስተደቡብ ባለችው በወንጂ ስም የሰየሙት የስንጥቅ ቀበቶ በዚህ ያልፋል፤ የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስም በብዙ ስፍራ ላልቶ ተነጥፎ ስለሚገኝ፣ በበጋ ጽኑዕ መስሎ የሚታየው መሬት የክረምት ጎርፍ ወይም የፈነዳ ቧንቧ ውሃ ሲሰርግበት ድንገት ይሰጥማል። ወደ ሞጆና ወደ ቢሾፍቱ ለሚወጣ ደግሞ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር መረሬ ይቆየዋል። ከ2017 ዓ.ም. መባቻ አንሥቶ በፈንታሌና በመተሐራ በኩል እየተመላለሰ የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ፣ በየካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 የደረሰው ጭምር፣ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ስለ ተሰማ፣ ስለ ቤቱ ኮለን አስቦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ያን ሰሞን ግድግዳውን በጣቱ ሲዳስስ ከረመ። እንግዲህ የመሠረቱን ጥልቀት በልማድና በዓይን ግምት ብቻ የሚወስን ተቋራጭ፣ በሌላ አገር ስሕተት የሚባለውን በዚህ ኃጢአት ያደርገዋል።

በአርማታ ሥራ የሚፈጸመው ጥፋት ሁሉ ከሌብነት የሚመነጭ አይደለም፤ ብዙው የችኮላ ነው። አንድ ለሁለት ለሦስት በሳጥን እየተሰፈረ መቀላቀል የሚገባው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በአካፋ ግምት ይደባለቃል፤ ለማፍሰስ እንዲቀልም ውሃ ይበዛበታል፤ ይህም ለሠራተኛው ክንድ ምሕረት፣ ለኮለኑ ግን ድካም ነው። ፌሮውን አቅፎ የሚይዘው ስታፋ በኮለኑ ራስና ግርጌ ተቀራርቦ መታሰር ሲገባው ተራርቆ ይታሰራል፤ ምድር ስትናወጥ አስቀድሞ የሚፈተነው ግን ይኸው ስፍራ ነው። ከሁሉ የሚብሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ውሃ ማጠጣትን መተው ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ከውሃ ጋር በመዋሐዱ ስለ ሆነ ቢያንስ ለ7 ቀን ርጥበት ይሻል፤ በአዳማ ግን ከፀሐዩ በላይ ነፋሱ አለ፤ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት ኃይል ያመነጩ ዘንድ 34 ማማዎች የተተከሉለት ያ ነፋስ፣ ማለዳ የፈሰሰውን ሶሌታ በርጥብ ጆንያ ካልተሸፈነ ቀትር ሳይደርስ ገጹን አድርቆ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል። ልስኑ ከተለሰነ በኋላ ይህን ሁሉ ማን ያየዋል?

በደሉን ሁሉ በተቋራጩ ጫንቃ መጫንም ፍትሕ አይሆንም። ብዙው የመኖሪያ ቤት የሚሠራው ዕቃውን ባለቤቱ እያቀረበ በእጅ ዋጋ ብቻ ስለ ሆነ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ አንዱ አሸዋውን፣ ሌላው እጁን ይከሳል፤ በወንጌለ ሉቃስ ግንብ ሊሠራ እንደ ወደደው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያልቈጠረ ባለቤትም፣ ገንዘቡ ከሶሌታው በፊት ሲያልቅበት ራሱ «ፌሮውን ቀንስልኝ» ይላል።

ሕጉ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ጽኑ ነው። ሐሙራቢ የባቢሎን ንጉሥ፣ ቤቱ ተንዶ ባለቤቱን የገደለበትን ሐናጺ በሞት ይቀጣ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3039፣ ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ለአዳማ ሰው ዋናው ቁም ነገር ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ውስጥ ከአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ጠባይ ለሚመጣው ጥፋትም ተጠያቂ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ «አፈሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚለው የዘወትር መልስ አያድነውም።

መብቱ ግን ማስረጃ ከሌለው ወረቀት ላይ ይቀራል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው በሥራው ደረጃ ይከፈል፤ ከየክፍያውም በመንግሥት ሥራ እንደሚለመደው ከመቶ 5 ያህል በመያዣነት ይቆይ። የመሠረቱ ጉድጓድ ከመሞላቱና ኮለኑ አርማታ ከመጠጣቱ በፊት፣ ከተቋራጩ ጋር የጥቅም ዝምድና የሌለው መሐንዲስ ገብቶ ይይ፣ በስልክም ፎቶግራፍ ይነሣ። ጥፋት ሲገኝ ከጩኸት በፊት፣ ጉድለቱንና የማረሚያውን ቀን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጥ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772ም ውል አልተፈጸመልኝም የሚለውን ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በጃርሱማ፣ ማለትም በኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት፣ መታረቅ የሚመርጡም ብዙዎች ናቸው፤ መልካም ነው፣ ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ግን ማን በስንት ቀን ምን እንደሚያፈርስና ምን እንደሚሠራ ተጽፎ ይፈረም። ስታፋው የጎደለ ኮለን ልስን በመደረብ አይታረምም፤ መሐንዲሱ እንዳዘዘው በአዲስ ፌሮና አርማታ ይታቀፋል፣ ወይም ይፈርሳል። ተቋራጩን ማሰናበት ግድ ከሆነም፣ አዲሱ ፎርማን አንድ ብሎኬት ሳያነሣ የተሠራው ሁሉ በሁለቱም ወገን ፊት ተለክቶና ተመዝግቦ ሊፈረምበት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገኝ ስንጥቅ የፊተኛው ይሁን የኋለኛው ለመለየት ለዳኛም ያስቸግራልና።